በራችንን የላሱት ፎርማን

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ኦልተን! በሦስቱም ያልመለሰልኝ ሰው ካለ ልቡ ድስቱ ጋ ነው ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ማናልበሽ ቅድም ጠጋ ብለው፣ «ኤልዳድ፣ አደራህን አሳጥረው፤ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ» ብለውኛል። ሮቤ ላይ የማይቀዘቅዝ ምግብ ካለ ዛሬ አያለሁ።

ከኦቦ ጀሊል ቤተሰብ በኩል የመጣችሁ እንግዶች ስለማታውቁኝ፣ ኤልዳድ እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ኮምፕሬሰር አንቀሳቃሽ ሆኜ ነው የገባሁት፤ አሁን ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው የፎርማናችን የኦቦ ጀሊል ምክትል ነኝ። እናንተ «ቀለም ቀቢዎቹ» ትሉናላችሁ፤ ልክ ነው፣ ግን የሳሎን ግድግዳ አንቀባም። ሳነቴን ተሻግረን፣ ሪራን አልፈን፣ ከደሎ መና ወዲያ ያለው በረሃ ድረስ እንወርድና የውሃ ታንከር፣ የነዳጅ ጋን፣ የድልድይ ብረት እንቀባለን። እዚያ ፀሐዩ፣ አሸዋውና ጨዋማው አቧራ ራቁቱን ያገኙትን ብረት ይበሉታል። እኛ ብረትን ልብስ እናለብሳለን በሉት። ጠዋት ሳነቴ ላይ በብርድ ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ ቆላ ላይ ሸሚዛችንን እንጨምቃለን። ደመወዛችን ግን ሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ሰኞ ቡድናችን እንደገና ወደ በረሃ ይወርዳል፤ ኦቦ ጀሊል አይኖሩም። ወይዘሮ ማናልበሽ «የፎርማንነቱን ቦታ ትይዛለህ ወይ?» ብለው ከጠየቁኝ ሰነባብቷል። እኔም «ላስብበት» እያልኩ ኮሪደር ላይ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ዛሬ ያዙኝ። «ንግግርህን ስትጨርስ መልስህን እፈልጋለሁ፤ እምቢ ካልክ ከሌላ አገር ሰው አመጣለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ንግግሬ ቢረዝም ለምን እንደሆነ ከወዲሁ እወቁልኝ።

ኦቦ ጀሊል ደግሞ ከተቀመጥን ጀምሮ ጥፍሬን ያያሉ። አዎ፣ አረንጓዴ ነው። ቆይ፣ እደርስበታለሁ፤ አይቸኩሉ።

ኦቦ ጀሊል መጀመሪያ የመጡ ቀን አለቃው ቢሮ ቆሜ ስለ ኮምፕሬሰሩ ቀበቶ እለምን ነበር። የበር ጠባቂያችን ዘይነዲን እየሮጠ ገባ። ዘይነዲን ዛሬ ለምን እዚህ እንደሌለ በኋላ ትሰማላችሁ።

«አለቃ! አንድ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ በራችንን እየላሰ ነው!»

የዚያን ጊዜው አለቃ ቀና ሳይሉ፣ «ጠጥቶ ይሆናል፤ ሸኘው» አሉት።

«ኧረ አልጠጣም! ከመላሱ በፊት ‹ቢስሚላሂ› ብሏል።»

ተያይዘን ወጣን። እውነትም አንድ ረጅም ሰው ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ የብረት በራችንን ጠርዝ በምላሳቸው ጫፍ ነክተው ያጣጥማሉ። ትፍ አሉና ወደ እኛ ዞሩ። ሰላምታ የለ፣ «ሥራ ፈልጌ ነው የመጣሁት» የለ፤ «በራችሁ ጨው አለበት። ቀለሙ የሚነሳው ለዚህ ነው። ይፋቅ!» አሉን።

አለቃው እስኪያነቡ ሳቁ። ነገሩ ግን ልክ ነበር። ጎረቤታችን የከብት ጨው ነጋዴ ነበርና ማታ ማታ ጆንያውን በራችን ላይ ያስደግፍ ነበር። እኛ ያንን በር በየዓመቱ እንቀባለን፤ በየዓመቱ ይነሳል፤ ቀለም ሻጩን ረግመን እንደገና እንቀባለን። ኦቦ ጀሊል ደግሞ ዲንሾ አካባቢ ከብት ወደ ሆራ፣ ወደ ጨዋማው ምንጭ፣ እየነዱ ያደጉ ሰው ናቸው። «ላሟ ቀምሳ የምታውቀውን እኔ ለማወቅ ምን ያንሰኛል?» ይላሉ። ከቀለም ሥር የቀረች ጨው በረሃ ላይ የሌሊቱን ጤዛ ትጠራለች፤ ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ይቋጥራል፤ ከዚያ ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚበላው። አሁንማ ጨው የሚለካ መሣሪያ ገዝተናል። ኦቦ ጀሊል መሣሪያው እስኪናገር አይጠብቁም። ይልሳሉ፣ ከዚያ መሣሪያውን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ይጠይቁታል።

እንዲህ ስላችሁ ሰውዬው ከመጀመሪያውም አዋቂ ሆነው የመጡ እንዳይመስላችሁ። የዕቃ ቤታችንን በር ደግፎ የሚይዘውን ባልዲ ታውቁታላችሁ፤ መሐሉ ላይ ብሩሽ የቆመበትን። ታሪኩን ግን ሁላችሁም አታውቁም። የእኛ ቀለም በሁለት ቆርቆሮ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ቀለሙ፣ አንዱ ማጠንከሪያው። ሮቤ ላይ ጠዋት ቀላቅለህ ቁርስህን በልተህ፣ ከሰው ተጣልተህ፣ ታርቀህ ብትመለስ ያው ነው። ኦቦ ጀሊል መጀመሪያ ቆላ የወረድን ጊዜ ባልዲ ሙሉ ቀላቀሉ። ከዚያ ዲንሾ ስለነበራቸው አንድ በቅሎ ወሬ ጀመሩልን። በቅሎዋ ገና ወንዙን ሳትሻገር ብሩሹን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ፤ ብሩሹ እምቢ አለ። ሳብ አደረጉት፤ ባልዲው አብሮ ተነሳ፤ የቆላው ሙቀት ቀለሙን ድንጋይ አድርጎታል።

«ባዳሳ! ይሄን ብሩሽ ማን ነው የቸነከረው?»

ባዳሳ፣ ያውና ረጪያችን፣ «ኦቦ፣ በቅሎዋ ናት» አላቸው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ወሬ ሲያበዛ «በቅሎዋ ትሻገር» የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ወይዘሮ ማናልበሽ፣ በዓይንዎ እያሉኝ ያለውን ገብቶኛል።

ካፖርቱስ? ሰው ጥላ ሥር ተጋድሞ በሚያለከልክበት በረሃ ኦቦ ጀሊል በካፖርት ይሠራሉ። «ብርድ የሚከለክል ልብስ ሙቀት ለምን አይከለክልም?» ነው ክርክራቸው። አንድ የግመል እረኛ አጠገባችን ቆሞ ብዙ ካያቸው በኋላ፣ «ይሄን ሽማግሌ ለምን ሐኪም ቤት አትወስዱትም?» ብሎ መክሮናል።

ደግሞ የጥላው ነገር አለ። ፀሐይ የመታው ብረት ላይ ከረጨኸው ቀለሙ በአየር ላይ እያለ ደርቆ እንደ ዱቄት ያርፋል። ስለዚህ ጠዋት የታንከሩን ምዕራብ፣ ከሰዓት ምሥራቁን፤ ጥላው በዞረበት እየዞርን ነው የምንቀባው። «ጥላውን ተከተሉ!» ይላሉ። ይህ ጥሩ። ግን ሰውዬው ልማዱን ይዘውት ሮቤ ወጡ! ሠርግ ላይ እኛ ደገኞች ፀሐይ የነካት ወንበር ስንሻማ፣ ኦቦ ጀሊል ወንበራቸውን ተሸክመው ወደ ጥላው ይሄዳሉ። ከዚያ ብርድ መታኝ ብለው አዴ ሃጂራን ያስጨንቃሉ። አዴ ሃጂራ፣ ዋሸሁ?

«ዱጋ ነው» አሉ። ባለቤታቸው መስክረዋል፣ እውነት ነው።

እንግዲህ የኦቦ ጀሊል ፍርድ ሁለት ቃል ናት። ብረቱ ካልጠዳ፣ ቀለሙ ካልያዘ፣ «ይፋቅ!» ይላሉ። ጥሩ ከሆነ «ይለፍ» ይላሉ ተብሎ ይወራል። ያቺ ሁለተኛዋ ቃል ከአፋቸው የምትወጣው የቆላው ዝናብ በሚመጣበት ልክ ነው። አዴ ሃጂራ እንኳ «ተጋብተን ወጤን ‹ይለፍ› ለማለት ሦስት ልጅ አስወለደኝ» ብለውናል።

አሁን ወደ ሰማንያ አምስት ዓ.ም. ሁዳዴ ልመልሳችሁ። የመጀመሪያው ትልቁ ሥራችን፣ ቆላ ላይ የአንዲት ከተማ የውሃ ታንከር ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ገቡ። ኦቦ ጀሊል ጾመኛ፤ «ሌላው የፈለገውን ይበል፣ እኔ በጾሜ ምላሴ ላይ ጨው አላስነካም» አሉ። ባዳሳ ኦርቶዶክስ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስም። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ብረቱ ምላስ ይጠብሳል! ካሉት ሰዎች መሐል ምላሱ ሥራ የፈታ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ጴንጤው፣ እኔ። ግን ማን ጠየቀኝ? እኔ የኮምፕሬሰር ሰው ነበርኩ።

ኦቦ ጀሊል ያን ጊዜ ጎበዝ ነበሩ፤ ጎበዝ ሰው ደግሞ ይኮራል። ብረቱን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ «ጨውን በአፍንጫዬም አውቀዋለሁ» አሉና አሳለፉት። ቀባን። አምሮ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ ኦቦ ጀሊል መሰላሉን ወጥተው ቀለሙን በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከታች ሆነን «ምን አዩ?» አልናቸው። በጣታቸው ጠቆሙን። በምዕራቡ በኩል ከላይ እስከ ታች ቀለሙ ውሃ ቋጥሯል።

አስቡት። ሕዝቡ ታንከሩ እስኪሞላ ቀን ይቆጥራል። የምርቃቱ ድንኳን ተተክሏል፤ እንግዶች ከዞን ሊመጡ ነው። የያኔው አለቃችን፣ «ላዩን በስሱ ደርበን እንቅባውና ይመረቅ፤ በኋላ እናያለን» አሉ። ማንም አያውቅብንም ነበር። እውነቴን ነው፣ እኔም ባዳሳም ደርበን ለመቅባት ብሩሽ አንስተን ነበር፤ ደክሞናላ!

ኦቦ ጀሊል ወረዱ። ካፖርታቸውን አወለቁ፤ በረሃ ላይ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የከተማው ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ሄደው ቆሙና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልቀምስ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ይፋቃል፤ ውሃችሁ ይዘገያል፤ አፉ በሉኝ» አሉ።

ጄሪካኗን ይዛ የመጣች አንዲት እናት ከኋላ፣ «ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ ዝገት ከምንጠጣ እንጨምርና እንጠብቅ» አለች። በዚያ አለቀ። የምርቃቱ ድንኳን ፈረሰ። ኦቦ ጀሊል መፋቂያውን አንስተው መሰላሉን ቀድመው ወጡ፤ እየጾሙ፣ በዚያ ፀሐይ። የመጀመሪያዋን ቅርፊት የፋቁት እሳቸው ናቸው። እኛማ ምን አፍ አለን? ተከተልናቸው። የከተማው ሰዎች ደግሞ የጎጇቸውን የሰሌን ክዳን እየነቀሉ አመጡና ከታንከሩ አናት አንጠለጠሉልን። ጥላ ሠሩልን! ኦቦ ጀሊል ያን ቀን ጥላ አልተከተሉም፤ ጥላው ራሱ መጣላቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ መጥተው፣ «ኤልዳድ፣ አንተ ዛሬ ምን በላህ?» ያሉኝ። «ምሳዬን» አልኩ። «እንግዲያው ና፣ ላስ» አሉ። የዚህ ድርጅት ምላስ የሆንኩት እንዲህ ነው፤ በሹመት ሳይሆን በሃይማኖት።

ስለ ምሳው ግን አንድ ነገር ላክል፤ እዚህ ላይ ቀልዱን እተወዋለሁ። ሁሉም ጾመኛ በሆነበት እኔ ብቻዬን መብላት አፈርኩ። ዳቦዬን በኪሴ ይዤ ከመኪናው ጀርባ ተደብቄ እቆርስ ነበር። ኦቦ ጀሊል ደረሱብኝ። «ሰርቀሃል እንዴ? ለምን ትደበቃለህ?» አሉ። «ጾመኛ ፊት መብላት ነውር መሰለኝ» አልኳቸው። ጉሮሯቸው ደርቆ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም? ብላ። እኔ ወሬ አወራሃለሁ» አሉኝ። ያን ጾም በሙሉ ምሳ በበላሁ ቁጥር ጾመኛው ሰው መጥተው አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። የበቅሎዋን ታሪክ እስከ መጨረሻው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ወንዙን ተሻግራለች።

ኦቦ ጀሊል፣ ያኔ አላመሰገንኩዎትም። ጉርሻ በአፌ ነበር። አሁን በባዶ አፌ አመሰግናለሁ። ወንድም እንኳ የማያደርገውን አድርገውልኛል።

ለምንድነው ይህን ሁሉ የምለው? ወይዘሮ ማናልበሽ የጠየቁኝን ለምን እንደሸሸሁ እንድታውቁ ነው። ብረት መላስ አያስፈራኝም፤ ለምጄዋለሁ። የሚያስፈራኝ ያቺ ቃል ናት። «ይፋቅ» ማለትማ ማንም ይችላል። «ይፋቅ» ብለህ፣ ድካሙን ያፈረስክበት ሰው ጋር ማታ በአንድ ሳህን መብላት ነው ከባዱ። ኦቦ ጀሊል ይህን ሁሉ ዘመን «ይፋቅ» ሲሉን ኖረው፣ ይኸው አዳራሹ ሞልቷል፤ የጠላቸው አንድ ሰው የለም። እኔ ግን ባልንጀሮቼ እንዳይጠሉኝ የምፈራ ሰው ነኝ። ጥሩውን ሁሉ «ግሩም ነው» እላለሁ፤ መጥፎውንም «ምንም አይል» እላለሁ። እንዲህ ያለ ፎርማን በረሃ ላይ ምን ያደርጋል? እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ መልሴ «አልችልም» ነበር።

አሁን ወደ ጥፍሬ መጣን።

ኦቦ ጀሊል፣ ለእርስዎ ስጦታ አዘጋጅተናል። ሰዓት አይደለም፤ ሰዓት ለጡረተኛ ምን ያደርጋል? አዲስ የብረት በር ነው፤ ለግቢዎ። ባዳሳ ራሱ ነው የረጨው፤ አረንጓዴ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። አዴ ሃጂራ ምስጢሩን ያውቃሉ። እቅዱ፣ እርስዎ ከቤት እንደወጡ አሮጌው በር ተነቅሎ አዲሱ እንዲተከልና ማታ ሲገቡ እንዲያገኙት ነበር።

እኔ ሰሞኑን ጎባ ሥራ ላይ ስለነበርኩ በሩ ሲሠራ አላየሁም። ዛሬ ጠዋት ወርክሾፑ ስገባ ሁሉም ከቦት ያጨበጭባል። እኔም ላጨበጭብ እጄን አነሳሁ። ከበሩ የተረፈ የላሜራ ቁራጭ መሬት ላይ ወድቋል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አነሳሁና ላስኩት።

ጨው!

ለሚ፣ አትደበቅ፤ አይተንሃል። ሾፌራችን ለሚ ላሜራውን ከሻሸመኔ ሲያመጣ፣ መኪናው ሳይሞላ ከሚመጣ ብሎ ለዲንሾ ገበያ የከብት ጨው ከላዩ ጭኖበታል! ዝናብም መታው። እነ ባዳሳ ደግሞ «የቤት በር ነው» ብለው ሳያጥቡ ጠርገው ረጩት።

ቁራጩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሁሉም ያዩኛል። ባዳሳ ገብቶታል፤ «ኤልዳድ፣ እባክህ፣ ዛሬን ተወው። ሽኝቱ እኮ ማታ ነው!» አለኝ። ሌላው፣ «ሮቤ በረሃ አይደለችም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው» አለ። ባዳሳ መልሶ፣ «ሰውዬው ጡረታ ወጡ እኮ! ከእንግዲህ ማን ይልሰዋል?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት።

ከዚያ ያቺ ቃል ከአፌ ወጣች። እንደ እርስዎ ጮክ ብላ አይደለም፤ ግን ወጣች። «ይፋቅ!» አልኩ። መፋቂያውንም አንስቼ የመጀመሪያዋን ቅርፊት እኔው ፋቅሁ። ጥፍሬ አረንጓዴ የሆነው ለዚህ ነው። ባዳሳ እስከ ምሳ ድረስ አላናገረኝም። ምሳ ላይ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለና እንጀራውን ወደ እኔ ገፋው። ኦቦ ጀሊል፣ ከማን እንደተማረው ያውቃሉ።

ስለዚህ ኦቦ ጀሊል፣ ይቅርታ፤ ስጦታዎ ዛሬ የለም። ራቁቱን፣ ታጥቦ፣ ወርክሾፕ ተኝቷል። ችግሩ ግን እኛ ስንፍቅ አሮጌውን በር የሚነቅሉት ልጆች አልሰሙም ነበርና እንደ እቅዱ ነቅለውታል። ቤትዎ በአሁኑ ሰዓት በር የለውም። አይነሱ! አይነሱ፣ ይቀመጡ! ዘይነዲን በሩ ቦታ ላይ ወንበር ይዞ ቆሟል፤ እሱ የበር ነገር ያውቃል። ነገ እርስዎ መጥተው በሩን ይልሱታል፣ ከዚያ እንቀባዋለን።

ወይዘሮ ማናልበሽ፣ መልሴን ሲጠብቁ ነበር። መልሴ ኦቦ ጀሊል ቤት የሌለው በር ነው። ከሌላ አገር ሰው አያምጡ። ሰኞ ቡድኑን እኔ ይዤ እወርዳለሁ።

እንግዲህ ብርጭቆ እናንሳ። በየፊታችሁ በትንሽ በትንሹ የተቀዳው ውሃ ነው፤ ሥራ አስኪያጇ ቆጥበው አይደለም። የዚያች የቆላ ከተማ ሰዎች ጡረታዎን ሰምተው ከዚያው ታንከር አንድ ጄሪካን ሞልተው በአውቶቡስ ልከዋል። ያ ፍቀን የቀባነው ታንከር እስከ ዛሬ አንድ ቦታ አልነቀለም። ጄሪካኗን ይዛ የነበረችው እናት የልጅ ልጆቿን እያጠጣችበት ነው።

ኦቦ ጀሊል፣ ረቢ ኡምሪ ኬሰን ሃ ዴሬሱ፤ ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ከአዴ ሃጂራ ጋር በሰላም በጤና የጡረታ ዘመንዎን ይኑሩ። በረንዳዎ ላይ ጥላው በዞረበት ይዙሩ፤ ካፖርትዎንም አያውልቁ። እኛን ግን አይተዉን።

ቆይ! ማንም እንዳይጠጣ! እሳቸው ሳይቀምሱ በዚህ ቤት የሚያልፍ ነገር የለም። ይቅመሱት፣ ኦቦ ጀሊል።

ቀመሱ። እያጣጣሙ ነው። ዝም በሉ እስቲ።

ምን አሉ? ኧረ ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም፤ ዓይንዎንም ቆይተው ይጠርጉ። እንደገና ይበሉልን።

ሰማችሁ? «ይለፍ» ብለዋል! ጠጡ!